ዱዳው የተናገረ ቀን

ሽኩር የመጀመሪያውን ትራክተር ወደ ቤት ያመጣ ዕለት ዘይነባ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስትጠብቅ የነበረው ቆርቆሮ ነዋ። ክረምቱ ሳይገባ ማድቤቱን አለብሳለሁ ብሎ ማልዶ የወጣ ባል፣ ከሰዓት በኋላ በከባድ መኪና አስጎትቶ የመጣው ጎማው የተራቆተ፣ ዝገት የበላው፣ ያበጠ ግንባሩን ወደፊት ያሾለ ብረት ሆነ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

«ትራክተር ነው።»

«ያርሳል?»

«ጣሊያን እያለ ያርስ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አርጅቷል። እኛ ጋ ይረፍ ብዬ ነው» አላት፣ ሽማግሌ እንግዳ ይዞ የመጣ ይመስል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ዘይነባ ከስልጤ አገር በሙሽርነት ወደ ኮልፌ ስትመጣ የተነገራት ባሏ የብረት ነጋዴ መሆኑ ነበር። ነጋዴ ደግሞ ገዝቶ ይሸጣል። ሽኩርም አሮጌ ብረት ገዝቶ ለምድጃ ሠሪውና ለማረሻ ቀጥቃጩ ይሸጥ ነበር፣ ቤቱም በዚያው ይኖራል። ትራክተር ላይ ሲደርስ ግን ማምጣቱን እንጂ መሸጡን አላወቀበትም። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው ተከተለ። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በታች ያለው ግቢያቸው የብረት በረት ሆነ። ጎረቤቱም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እያለ ሳቀ።

ዘይነባን በኋላ የማረካት ንግግር አይደለም። ሽኩር ለቃልም አይመች፤ ስለ ትራክተር ሲያወራ ምራቁ እየቀደመው ይንተባተባል። አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ በላምባ ያጠበውን ፒስተን ዘይት ቀብቶ በማደሪያው በሲሊንደሩ አፍ ላይ አስቀመጠና «ከታች ያለችው ቀዳዳ ላይ መዳፍሽን አድርጊ» አላት። አደረገች። ፒስተኑ ዘጭ ብሎ የሚወድቅ መስሏት ነበር። አልወደቀም። ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደ፤ በቀዳዳዋም በኩል ለብ ያለ አየር መዳፏ ላይ እፍፍ አለ። «ሱብሃነላህ» ብላ እጇን ሰበሰበች፣ ወዲያውም መልሳ ዘረጋችው። ብረት ሲተነፍስ ያን ቀን ነው ያወቀችው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቆርቆሮው አንስታ አታውቅም።

ሥራውን ሳይነጋገሩ ተከፋፈሉት። መፈለግና ማምጣት የሽኩር ነው። የአባቷ ጣት የማይገባበት ሁሉ የልጃቸው የሰብሪያ ነው፤ ሰብሪያ አድጋ የሰፈር ሰው «መቼ ነው የምትድሪያት?» ማለት ሲጀምር እንኳ ከትራክተር ሆድ ዘይት ተቀብታ ነበር የምትወጣው። እሳት የዘይነባ ድርሻ ሆነ። የዛገ ቡሎን በጉልበት አይፈታም፤ ይሰበራል እንጂ። መጋል አለበት፣ ሲግል ደግሞ ልኩ አለው፤ ያንን ልክ ዘይነባ በመልኩ ትለይ ነበር። በላምባ የምትሠራ፣ እያፏጨች ሰማያዊ እሳት የምትተፋ የናስ ማንደጃ ነበረቻት፤ እሷን ሌላ ሰው እንዲነካት አትወድም።

ሌላው ሰው በበዓል ዘመድ ይጠይቃል፣ እነሱ ትራክተር ይጠይቃሉ። ሰበታ ዋርካ ሥር አንድ የሞተ አለ ሲባሉ ቆጮና አይብ ቋጥረው በአውቶብስ ይሄዳሉ። ደርሰው ዙሪያውን ይዞሩታል፣ ይዳብሱታል፣ ባለቤቱንም ስለ አሟሟቱ ይጠይቁታል። ሰውየው ከሰጣቸው ያስጎትቱታል፤ ካልሰጣቸውም ምሳቸውን ከጎኑ በልተው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ሰብሪያ ለሁሉም ስም ታወጣላቸው ነበር፤ ደረተ ሰፊው ቀኛዝማች ተባለ፣ ቀይ ቀለሟ ያልለቀቀው ሙሽሪት ተባለች።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዱዳው ነበር። እሱን ከሆለታ ነው ያመጡት፣ ሁለት ፈር ከሚያወጣ ማረሻው ጋር። የብረት ጎማ ያለው፣ ከአናቱ የጭስ ማውጫ የቆመለት፣ ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ድምፁ ያልተሰማ የጥንት ትራክተር ነው። ቁልፍ የለው፣ ባትሪ የለው። አንድ የሆለታ ሽማግሌ መካኒክ እንደነገራቸው፣ ሲያስነሱት ግንባሩን በእሳት ያግሉታል። ግንባሩ ሲቀላ መሪውን ከነዘንጉ ከቦታው ይነቅሉና፣ ቮላኖ ከሚሉት ከጎኑ ካለው ከባድ መዘውር ላይ ሰክተው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙታል። ከተነሳ ተነሳ፤ መሪው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ዱዳውን ፈትተው ገጥመውታል፣ ዘይትና ነዳጅም አጠጥተውታል፣ ምንም አልጎደለውም። ለማስነሳት ግን ሞክረው አያውቁም። ሽኩር ፈርቶ ነው። ዘይነባ ፍርሃቱ ይገባታል፤ እምቢ ካለ እኮ በቃ ሞቷል ማለት ነው፣ ሳይሞከር እስከቆየ ድረስ ግን ተኝቷል ይባላል። ስለዚህ ከዓመት ዓመት «ከበዓሉ በኋላ»፣ «ከክረምቱ በኋላ» እየተባለ ቆመ።

የቆመውም እነሱ ግቢ ሳይሆን አጥር ከሚጋራቸው ከጋሽ ወዬሳ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ግቢያቸው ሞልቶ ስለነበር ሽኩር ቦታ ሲለምነው፣ ወዬሳ ብዙ አሰበና ፈቀደ። ወዬሳ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው። መሬቱ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ የአንዲት ወይዘሮ ርስት ሲሆን፣ አባቱም እሱም ሲያርሱት ኖረዋል። ትራክተር የሚባል ነገር አይወድም። የገዛ ወንድሙ አርሲ ላይ እንደሱው ጭሰኛ ነበር፤ ባለርስቱ ትራክተር ያስመጣ ዓመት ከነልጆቹ ከመሬቱ ወጥቷል። «የእናንተዎቹ ይቀመጡ» አላቸው ለዘይነባና ለሽኩር፣ «የሞተ እባብ አይናደፍም።» ቢሆንም በአጠገባቸው ሲያልፍ ራቅ ብሎ ነበር።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ፣ የንጉሡ ዘመን ሊያከትም ጥቂት ዓመት ሲቀረው፣ ቀራንዮ ከብት ላይ አባ ሰንጋ ገባ። የወዬሳ ሁለቱም በሬዎች በአንድ ሳምንት ሞቱ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደቦ ወጥቶ ያርስለት ነበር፤ ያን ዓመት ግን የሁሉም በረት ስለተመታ፣ በሬ የተረፈለትም የራሱን ማሳ አልጨረሰም። የወይዘሮዋ ወኪል አቶ አምሐ በበቅሎው መጥቶ ባዶውን ማሳ አየ።

«ለሰኔ ሚካኤል ተመልሼ እመጣለሁ» አለው ወዬሳን፣ ከበቅሎው ሳይወርድ። «ታርሶ ካላገኘሁት በሬ ላለው እሰጠዋለሁ። የእመቤቲቱ ትእዛዝ ነው፤ በኔ አትዘን።» ከዚያም ልጓሙን እየሳበ «አርሲማ ጭሰኛም ቀርቷል። አንድ ትራክተር አገሩን ያርሰዋል አሉ። እኛ ነን ያልነቃን» ብሎ ሄደ።

ዘይነባ ይህን ሁሉ አጥር ላይ ልብስ እያሰጣች ሰማች። ወዬሳ በሬ ፍለጋ እስከ ቡራዩ ደርሶ ባዶውን ሲመለስም አየችው። ሚካኤል ሊገባ ሲል ባሏን «ዱዳውን እናስነሳው» አለችው።

ሽኩር የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «እምቢ ቢለንስ?»

«እምቢ ቢል ድሮም ዱዳ ነው። ሰውየው ግን መሬቱን ነው የሚያጣው።»

ሽኩር መፍቻውን መልሶ አነሳና ወደ ዱዳው ሄደ። የከበደው ወዬሳን ማሳመኑ ነው። «ወንድሜን ያፈናቀለው እኮ ይሄ ነው» አለ ዱዳውን በዱላው እያመለከተ።

«ይሄ አይደለም፣ ጋሽ ወዬሳ» አለችው ሰብሪያ። «ያኛው የዚህ የልጅ ልጅ ቢሆን ነው።»

ወዬሳ አልሳቀም። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ «እንግዲህ እንዳደረጋችሁ» ብሎ እጁን ከነዱላው አወረደ።

በሚካኤል ዋዜማ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ወሬውን ሰምቶ ማሳው ዳር ተሰበሰበ። ግማሹ ሊገፋ፣ ግማሹ ሊስቅ ነው የመጣው። ዱዳውን ገፍተው ከማሳው አፍ አደረሱት። ሰብሪያ ወንበሩ ላይ ወጣች። ዘይነባ ማንደጃዋን ለኩሳ «ቢስሚላህ» አለችና እሳቱን ግንባሩ ላይ አዞረች።

ብዙ ቆየ። ሰው መዛጋት ጀመረ። ወደ ምሳ የሄደም ነበር። ዘይነባ ዓይኗን ከብረቱ አልነቀለችም። ጥቁሩ ግንባር መጀመሪያ አላበው፣ ቀጥሎ ገረጣ፣ ከዚያ ከመካከሉ ጀምሮ የበርበሬ መልክ ያዘ። ላምባው አልቆ እሳቷ መርገብገብ ስትጀምር «አሁን» አለች። ሽኩር መሪውን ነቅሎ ቮላኖው ላይ ሰካና ወዲያ ገፋ፣ ወዲህ ሳበ። ትራክተሩ አንዴ ተፍ አለ፣ ዝም አለ። ደግሞ ገፋ፣ ደግሞ ሳበ። ቮላኖው ድንገት ከእጁ ተመንጭቆ በራሱ ዞረ፤ ሽኩር መሪውን እንደያዘ በቂጡ ተቀመጠ።

ዱም።

ከጭስ ማውጫው አንድ ክብ ጭስ ወጥቶ ባሕር ዛፉን አልፎ ሄደ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ድምፁ በጆሮ ብቻ የሚሰማ አልነበረም፤ ከእግር ሥር ገብቶ በጉልበት አድርጎ ደረት ውስጥ ይመታል። በጣሳ የነበረው ውኃ ተንቀጠቀጠ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ነፋስ ሳይኖር ረገፈ። ሊስቅ የመጣው ሰው አጥሩን ዘሎ ማዶ ሆኖ አፉን ከፍቶ ያያል። አንዲት ባልቴት አማተቡ። የዘይነባ እንባ ወረደ፤ ፈርታም፣ ደስ ብሏትም፣ ምን እንደሆነች አላወቀችም። ያ ሁሉ ዓመት ያጠበችው፣ ያገላበጠችው፣ ቡሎኑን አንድ በአንድ የምታውቀው ብረት ይህን ያህል ኃይል ሆዱ ውስጥ ይዞ ዝም ብሎ መኖሩ አልዋጥልሽ አላት። ሽኩር ከተቀመጠበት አልተነሳም። እንደ ሕፃን ዱዳውን ሽቅብ ያየዋል።

በኋላ ነው መሪውን ወደ ቦታው የመለሱት። ሰብሪያ የመጀመሪያውን ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። ዱዳውም ተንቀሳቀሰ፣ ወደኋላ። ሰው እየጮኸ ተበተነ፤ የወዬሳ አጥር አንድ ክንዱ ተደረመሰ። ሰብሪያ እንደምንም አቆመችው። አስተካክላ እንደገና አስገባች፤ ደግሞ ወደኋላ።

ሽኩር ያን ጊዜ ገባው። ቮላኖው ከእጁ ሲመነጨቅ፣ በቀኙ መዞር ሲገባው የዞረው በግራው ነው። እንዲህ ያለው አሮጌ ሞተር ግራ ቀኝ አይልም፤ በዞረበት ይቀጥላል፣ ማርሹም አብሮ ይገለበጣል። «እናጥፋውና እንደገና እናስነሳው» አለ በጩኸት።

«በምን እሳት?» አለችው ዘይነባ ባዶ ማንደጃዋን እያሳየችው። «ደግሞስ ሁለተኛ ቢነሳ ባይነሳ ማን ያውቃል? ሰብሪያ፣ የኋላውን ማርሽ አስገቢው።»

ሰብሪያ እናቷን አየቻት፣ አባቷን አየችው፣ አስገባች። ዱዳው ግንባሩን ወደ ማሳው አድርጎ፣ በኋላ ማርሽ ወደፊት ሄደ።

ማረሻው መሬቱን ሲይዘው የነበረውን ዘይነባ ዕድሜዋን ሙሉ ስታወራው ኖራለች። በሬ ሲያርስ መሬቱ ይጫራል፣ ይፈነቀላል። ይኼኛው ግን ምድርን ገልብጦ አስተኛት። ከሥር የወጣው አፈር ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ ያብለጨልጫል፤ የወዬሳ አባት እንኳ ያላየው አፈር ነው። ዱዳው ከእግረኛ አይፈጥንም፤ ዱም፣ ዱም እያለ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል። ወዬሳ መጀመሪያ ማዶ ቆሞ ነበር። ቀስ በቀስ ተጠጋ። በመጨረሻ ፈሩን ተከትሎ መራመድ ጀመረ፤ ጓል አንስቶ ይፈረፍራል፣ ያሸታል፣ መልሶ በቀስታ ያስቀምጠዋል።

ጥቂት ፈር ሲቀር አቶ አምሐ በበቅሎው ደረሰ። ለዋዜማው ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ሳለ ድምፁ እዚያ ድረስ ተሰምቶት ነው። ከበቅሎው ወረደ፤ ያን ቀን ብቻ ነው ሲወርድ ያዩት። በታረሰው መሬት ዳር ተራመደ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ዱዳውን ሲያርስ አየው። ዓይኑ የዘይነባ ዓይን መሰለ። ይህን ዓይን ስንት ዓመት ጠብቃዋለች። የሚስቅ እንጂ የሚደነቅ እንግዳ ገጥሟቸው አያውቅም ነበር፤ ልቧ ሞቀ።

«ይሄ ነገር» አለ አቶ አምሐ፣ «ከዚህ እስከ መድኃኔዓለም ያለውን ቢሰጡት በስንት ጊዜ ይጨርሰዋል? ለእመቤቴ ነግሬ ነገውኑ አሳያቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ከተገኘ እኮ ይህ ሁሉ ጭሰኛ ለምን ያስፈልጋል?»

ወዬሳ ከኋላው ቆሞ ሰማ። ፊቱ አመድ መሰለ። በእጁ የነበረው ጓል ተፈርፍሮ አለቀ። የዘይነባም ልብ ከሙቀቱ ባንዴ በረደ። መሬቱን እናድንለታለን ብላ ባሏን ጎትጉታ፣ ወንድሙን ያፈናቀለውን ነገር በገዛ እሳቷ ቀስቅሳ ደጁ ድረስ ያመጣችበት እሷ ናት። ያን የመሰለውን ብረት አየችው፤ ሆድ ይፍጀው አለች።

«ጎበዝ መስሎዎት ነው አቶ አምሐ?» አለች። «ሰብሪያ፣ ማረሻውን ፍቺና የፊቱን ማርሽ አስገቢ። ይዩት።»

ሰብሪያ እናቷን ታውቃታለች፤ አልጠየቀችም። ፈታች፣ አስገባች። ዱዳው ቂጡን ወደ አቶ አምሐ አድርጎ መጣ። በቅሎዋ ልጓሟን በጥሳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠች፣ አቶ አምሐም ባርኔጣውን ጥሎ ወደ ጎን ዘለለ።

«ወደፊት አላልሻትም?»

«ወደፊት ነው ያስገባችው፣ ይምጡና ማርሹን ይዩት። ይሄ ወደፊት ሲሉት ወደኋላ፣ ወደኋላ ሲሉት ወደፊት ነው። እመቤቲቱ ፊት ምን እንደሚያደርግ እኔ አላውቅም።» አንድም ቃል አልዋሸችም። «እኔን አይመኑኝ፤ ባሌን ይጠይቁት፣ ብረት አዋቂው እሱ ነው።»

አቶ አምሐ ወደ ሽኩር ዞረ። ሰውም ዞረ። ዘይነባ ጨነቃት፤ ሽኩር በሕይወቱ ከብረቶቹ አንዱንም በክፉ አንስቶት አያውቅም። ቀኛዝማችን «ቅራቅንቦ» ያለውን የገዛ አማቹን ዓመት አኩርፎታል። ሽኩር ዱዳውን አየ፣ ወዬሳን አየ።

«እውነቷን ነው» አለ፣ ሳይንተባተብ። «ጉልበታችንን ነው የፈጀብን። ይሄን እኮ ቆራሌው እንኳ ዞር ብሎ አያየውም።»

መጀመሪያ የሳቀው አቶ አምሐ ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቅድም አፉን ከፍቶ የነበረውም ሳቀ። አቶ አምሐ ባርኔጣውን አራግፎ «ለካ ወደኋላ የሚሄድ ጉድ ነው የታቀፋችሁት» አለና ወዬሳን «ያም ሆነ ይህ ታርሷል፤ ቃሌ ቃል ነው፣ ዝራበት። ለከርሞ ግን በሬ ፈልግ» ብሎት በቅሎውን ፍለጋ በእግሩ ሄደ።

ሰው ሲበተን ዱዳው እየመታ ነበር። ሊያጠፋው የደፈረ የለም። ሽኩር ጀርባውን ሰጥቶ ፈሩ ዳር ተቀመጠ። ዘይነባ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ሰብሪያ መጣች፤ ቆይቶ ወዬሳም መጥቶ ከሽኩር ወዲያ ማዶ ቁጢጥ አለ። አራቱም ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ሲመታ አዳመጡት። ሲቆም ሽኩር ተነሳና የጋለው የዱዳው ግንባር እንዳይሰነጠቅ በጆንያ ሸፈነው።

ዱዳው ከዚያ ወዲህ አልተነሳም፤ እነሱም አላስነሱትም፣ ድምፁ የት ድረስ እንደሚሰማ አይተዋላ። ወዬሳ ገብሱን ዘራ፣ አጨደ፣ ለከርሞም በሬ አገኘ። ሽኩር ግን ስም ወጣለት። ከኮልፌ ገበያ እስከ ቀራንዮ ያለ ሰው ሲያገኘው «እህ ሽኩር፣ ዛሬም ወደኋላ ነው?» ይለዋል። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ቀን ነድዶት እውነቱን ይናገር ነበር፤ ሁለት ፈር ባንዴ ሲያወጣ ያየሁት እኮ እኔ ነኝ ይል ነበር። ሽኩር ግን ቆም ይልና፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ «ወደኋላ ነው» ይላል። ዘይነባ ይህን በሰማች ቁጥር ያን ቀን ዱዳው ሲነሳ እንደሆነችው ትሆናለች፤ ይህንንም ሆዱ ውስጥ ይዞ መኖሩ አልዋጥልሽ ይላታል።